ዓይን ይዘጋ፣ ጆሮ ይፍረድ

በቦንጋ፣ በጅማና በሌሎችም የቡና ከተሞች ባሉት የቅምሻ ክፍሎች አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። ይኸውም ቀማሹ ከፊቱ የተደረደሩት ስኒዎች የማን ቡና እንደያዙ ሳያውቅ እንዲፈርድ ማድረግ ነው። ቡናው የባለጸጋ ነጋዴ ይሁን የአንድ ገበሬ ጓሮ ፍሬ፣ ናሙናው የሚታወቀው በተሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ቀማሹ በማንኪያ ይጨልፋል፤ በኃይል ይስባል፤ ይተፋል፤ ውጤቱን ይጽፋል። ደንቡ የወጣው ቀማሹን ለመጠርጠር አይደለም፤ የሰው ምላስ ስምንና ዋጋን ተከትሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

የዚህን ደንብ ጥቅም የሚመሰክር ታሪክ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን የወጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ። በዚያም ምርቱ ትንሽ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ችላ ተባለ። በ2004 ሀሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ቡናውን ለይቶ ለውድድር ባቀረበው ጊዜ ግን፣ የማን እንደ ሆነ የማያውቁት ዳኞች አንደኛ አደረጉት። በዚያው ዓመት በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ። ዳኞቹ ስም አይተው ቢፈርዱ ኖሮ ያ ቡና ምናልባት እስከ ዛሬ በተረሳ ነበር።

ታዲያ ቡናን በዚህ ጥንቃቄ የምንመዝን ሰዎች ሌላውን ዕቃ ስንገዛ ስለ ምን በወሬ ብቻ እንታለላለን? ይህን የምጠይቀው በዛሬው ጊዜ በወጣት ሠራተኞችና በተማሪዎች ዘንድ እጅግ ስለሚወራለት አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ዳክ ይባላል።

ዘፈን በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። በ1982 ለገበያ የዋለው የሲዲ ደንብ የድምፁ ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲለካና እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ እንዲመዘገብ ያዛል። የዳክ ሥራ እነዚህን ቁጥሮች መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥ ነው። ሞገዱም በአምፕሊፋየር ጎልብቶ በስፒከር ይሰማል። እንግዲህ ዘፈን የሚያሰማ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ሁሉ በሆዱ ውስጥ አንድ ዳክ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ዳክ ያስፈልጋል ወይ?» ሳይሆን «ያለው አይበቃም ወይ?» የሚል ነው።

በሚዛን ተፈሪ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጄ ይህ ጥያቄ በቅርቡ ገጠመው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዱ አዲስ ዳክ ሊሸጥለት አመጣ። የሚከፍለውም ገንዘብ ለማታ ትምህርት ምዝገባ በየወሩ ያጠራቀመው ነበር። መሣሪያው ተቀጥሎ ዘፈኑ ሲሰማ በቤቱ የነበርን ሁሉ «ይህማ ሌላ ነው! ዘፋኙ ከፊታችን የቆመ ይመስላል» አልን። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል ወዳጄ ራሱ «ቆይ፣ እንደ ቡና እንቅመሰው» አለ።

በመጀመሪያ የድምፁን ኃይል ለካን። ባለ አንድ ቃና ድምፅ እያሰማን በስፒከሩ ገመድ ጫፍ ላይ ቮልቱን ብናይ አዲሱ መሣሪያ የሚሰጠው ከአሮጌው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ለብቻቸው የሚሸጡ ዳኮች 2 ቮልት ያህል ሲሰጡ፣ የስልክና የላፕቶፕ ቀዳዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። እጥፍ ልዩነት በግልጽ ይሰማል፤ አሳሳቹ ግን ትንሹ ልዩነት ነው። በጥቂቱ ከፍ ያለ ድምፅ «ጮኸ» ተብሎ ሳይሆን «ጠራ፣ አማረ» ተብሎ ይሰማልና። ስለዚህ ሁለቱን በቮልት እኩል አደረግን።

ቀጥሎም መሣሪያዎቹን በነጠላ ሸፈንን። አንድ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሳንቲም እየጣለ፣ ሳይናገርና ፊቱ ሳይታይ፣ አንዱን ወይም ሌላውን ያሰማ ጀመር። ወዳጄ 16 ጊዜ ሰምቶ 9 ጊዜ አወቀ። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከ16ቱ 8 ያህል ያገኛል፤ 12ና ከዚያ በላይ ማግኘት የሚችለው ግን ከመቶ አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ዘመዱም «ጆሮህ አልሠለጠነም» ብሎ በተራው ተቀመጠ፤ 7 አገኘ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ነገ በጧት እንደገና እንሞክረው» አለ።

የእኛ ሙከራ ትንሽ ነው፤ ብቻውንም የዓለምን ዳክ ሁሉ አይፈርድም። ዳሩ ግን በ2007 በአሜሪካ ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ከዚህ የሰፋ ነው። ከሲዲ ደንብ የላቀ የተባለውን ቅጂ፣ ያንኑ ቅጂ በሲዲ ልክ ከተላለፈው ጋር በስውር አስተያዩ። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ፤ ይህም ሳንቲም ከመጣል አይለይም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክሎድ ሻነን በ1949 እንዳስረዳው፣ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ሞገድ እስከ 22,050 ንዝረት ያለውን ድምፅ ሁሉ መልሶ ለመሥራት ይበቃል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20,000 ንዝረት በላይ አይሰማም፤ ዕድሜ ሲጨምርም ከዚያ ያንሳል።

እንዲህ ሲባል ግን አዲስ ዳክ ከቶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዘፈኑን አቁመው ድምፁን ከፍ ቢያደርጉና ከስፒከሩ እምምታ ወይም ሹክሹክታ ቢሰሙ፣ በእርግጥ ችግር አለ። በመጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። እምምታው ከጠፋ ጥፋቱ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ በባትሪ ማዳመጥም ምንም አያስከፍልም። ጫጫታው የኮምፒዩተሩ የራሱ ከሆነ ወይም የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ከተበላሸ፣ ርካሽ የሆነ ለብቻው የሚቀጠል ዳክ መድኃኒት ይሆናል።

ከዚህም በቀር የሚሰማው ነገር ራሱ መመርመር አለበት። አምኃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸውን ሸክላዎች ከተዳከመ ካሴት ላይ ተቀድተው የሚሰማ ሰው፣ በፓሪስ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ በወጣው ቅጂ ቢለውጣቸው ልዩነቱን ያለ ምንም ሙከራ ይሰማዋል። ስፒከሮቹን ከማዕዘን ማራቅና ወደ አድማጩ ማዞርም እንዲሁ ነው። የሚዛንና የቴፒ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ደግሞ ዝቅ ያለውን ዜማ ከጆሮ የሚያድን ዳክ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። በጣዕምና በድምፅ ነገር ግን ዓይን ካየ ጆሮ ነጻ ዳኛ አይሆንም። ዕቃው ቆንጆ ነውና ደስ ይለኛል ብሎ የሚገዛ ሰው በገዛ ገንዘቡ ይደሰት፤ የሚነቅፈውም የለም። ድምፅ ያሻሽላል ተብሎ የሚገዛ ከሆነ ግን ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ አንዲት ሳንቲምና አንድ ነጠላ ይዞ መፈተን ነው። ወዳጄ በማግሥቱ ጧት እንደገና 16 ጊዜ ሰምቶ 8 አገኘ። መሣሪያውን ለዘመዱ በምስጋና መለሰ፤ ከሰዓት በኋላም ሄዶ ለማታው ትምህርት ተመዘገበ።