የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደንበኛ ማን ነው?

ኩባንያዎችና የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶች "ይተሳሰሩ" በተባለ ቁጥር የሚሆነውን እናውቀዋለን። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዓመት በኋላ ሰነዱ የት እንደገባ የሚያስታውስ አይገኝም። ሰዎች ምክንያቱ ቸልተኝነት ነው ይላሉ። የኢኮኖሚ ዓይን ላለው ሰው ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰነዱ ላይ ሻጭም ገዢም የለም። የሚሸጠው አገልግሎት ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ መቼ እንደሚያልቅ አልተጻፈም። ዋጋ ያልተቆረጠለት ግብይት ደግሞ ወዳጅነት ሆኖ ይቀራል።

ገዢው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው ትልልቅ ፋብሪካ በሌለበት አካባቢ ነው። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርን እንውሰድ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ "አራተኛው ትውልድ" ከሚባሉት አንዱ ሲሆን ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ የኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ኮሌጅም አለው። በዙሪያው ያለው ኢኮኖሚ ግን የከሰል አክሳይ፣ የቀርከሃ ሠራተኛ፣ የድንች ገበሬ፣ የብየዳ ቤትና የጋራዥ ኢኮኖሚ ነው። ጃዊ ላይ ጣና በለስ ስኳር አለ፤ ከዞኑ ወሰን አለፍ ሲሉ ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ይገኛሉ። እነዚህን ሁለት ሦስት ትልልቆች ከቆጠርን በኋላ የሚቀረው ሁሉ ትንሽ ነው። ታዲያ የኮሌጁ ደንበኛ ማን ሊሆን ነው?

በአገራችን የተሳካ ትስስር ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው አንድ ትልቅ ገዢ ይገኛል። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን አዲሶቹን መስመሮች ለመዘርጋት ሲነሣ በቂ የባቡር መሐንዲስ አገር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የባቡር ምሕንድስና የማስተርስ ትምህርት እንዲከፈት አደረገ፤ ሠልጣኞችንም አስተማረ። ኮርፖሬሽኑ የሚገዛውን ያውቅ ነበር፤ መክፈልም ይችል ነበር። ባሕር ዳርም ከዚህ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ከዚያ ሥር በቅሎ ነው።

አዊ ውስጥ ይህን መንገድ መከተል አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ገዢ የለምና። በምሕንድስና የሚፈታ ችግር ግን ሞልቷል። በዞኑ የፋግታ ለኮማ ወረዳን ያየ ሰው ያውቀዋል። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ችግኝ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠውና ያከስለዋል። መሬቱ እንደገና ይታረሳል፣ እንደገና ይተከላል። ከሰሉ በጆንያ ታሽጎ እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ያስተማረውና ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በዚህ ገቢ ነው።

የዚህ ኢንዱስትሪ ደካማ ጎን ያለው ማክሰሉ ላይ ነው። እንጨቱ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ፣ ቀስ እያለ እንዲከስል ይደረጋል። አየሩ በዝቶ ከገባ አመድ ይሆናል፤ ካነሰ ያልከሰለ እንጨት ይቀራል። በእንዲህ ያለ የአፈር ክምር ከመቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። የተሻሻለ አሠራር ወደ 25 እና ከዚያ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። አንድ ገበሬ ከዚያው መሬት፣ ከዚያው ዛፍ፣ በዚያው አራት ዓመት ልፋት የሚያገኘው ጆንያ ይጨምራል ማለት ነው። የሙቀት መለኪያ፣ የጭስ መውጫ ልክ፣ የእንጨት እርጥበት፤ እነዚህ ሁሉ የሜካኒካልና የኬሚካል ምሕንድስና የቤት ሥራዎች ናቸው። የዛፉ ቅርፊትም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ታኒን አለው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የዝገት በሽታ ዛፉን ክፉኛ መትቶታል፤ ገቢው በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ገበሬ ከዚያው እንጨት የበለጠ ማግኘት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈልግም።

ታዲያ ለምን አንድ አክሳይ ኮሌጁን "ሥራልኝ" ብሎ አልከፈለም? ሒሳቡን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። የተሻሻለ የማክሰያ አሠራር ነድፎ፣ በአንድ በጋ ሞክሮ ለማስረከብ ኮሌጁ 300 ሺህ ብር ያስፈልገዋል እንበል። አንድ አክሳይ ከዚህ በዓመት 15 ሺህ ብር ተጨማሪ ያገኛል እንበል። ብቻውን ከከፈለ ገንዘቡን ለመመለስ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ጎረቤቱ ደግሞ አጥር ተደግፎ አይቶ በነጻ ይቀዳዋል። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ሁሉ ሌላው እስኪከፍል ይጠብቃል፤ ሁሉም ሲጠብቅ ማንም አይከፍልም። አርባ ሆነው ከገቡበት ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 7,500 ብር ነው፤ በስድስት ወር ይመለሳል። ጎረቤት ቀዳኝ የሚለው ስጋትም ይቀንሳል፤ ጎረቤቱ ራሱ ከከፋዮቹ አንዱ ነውና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በአዊ የኮሌጁ ደንበኛ ማኅበሩ ነው። የከሰል አምራቾች ማኅበር፣ የድንች አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ የቀርከሃ ሠራተኞች ኢንተርፕራይዝ፣ የብረታ ብረት ባለሙያዎች ስብስብ። የእንጅባራ አካባቢ ደጋ ቀርከሃ ለምሳሌ ከመንገድ ዳር ወንበርና አልጋ አልፎ ከተማ ገበያ እንዳይገባ ከሚያግዱት አንዱ ነቀዝ ነው። በቀርከሃው ውስጥ ያለው ስታርች ነፍሳቱን ይስባል፤ ዕቃው በጥቂት ዓመት ውስጥ ዱቄት መትፋት ይጀምራል። በቦሮን ጨው መንከር ይህን እንደሚከላከል የታወቀ ነው። የሚቀረው የመንከሪያውን ገንዳ መጠን፣ የጨውን ልክና የአንዱን ዕቃ ተጨማሪ ወጪ ማወቅ ነው። ይህ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት በቂ ሥራ ነው፤ አሥር ወርክሾፖች ተዋጥተው ሊገዙት የሚችሉትም ነው።

በዚሁ ዞን ዳንግላ ላይ የሚታየው ሌላ ዓይነት ዕድል ነው። በዳንግሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውኃን በየጊዜው ይለኩ ነበር፤ ሥራውን ያስጀመሩት የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ናቸው። መረጃው ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር ሲነጻጸር አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚያው አካባቢ በጓሮ መስኖ ላይ ሠርተዋል። ይህ ለነጋዴው ምኑ ነው? መሬት ላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ውኃውን ከሰባት ሜትር ገደማ በታች ሊያወጣው አይችልም፤ ይህ የሞተሩ ጉልበት ጉዳይ ሳይሆን የአየር ግፊት ሕግ ነው። በመስከረም ሦስት ሜትር ላይ ያለ ውኃ በሚያዝያ ዘጠኝ ሜትር ከወረደ፣ ገበሬው የገዛው ፓምፕ ውኃ በሚፈለግበት ወር ባዶ ይጮኻል። ሻጩም ደንበኛ ያጣል። በየቀበሌው በበጋ ውኃው የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ለፓምፕ ነጋዴ፣ ለጉድጓድ ቆፋሪና ብድር ለሚሰጥ ተቋም ሁሉ ገንዘብ ነው። ሦስቱ ተዋጥተው ኮሌጁን ቢያስጠኑ ሦስቱም ያተርፋሉ።

ትናንሽ ወርክሾፖችና ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው ፍሬ ያፈሩበትን ቦታ ለማየት ወደ ጋና እንሻገር። የኩማሲው ክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 የቴክኖሎጂ አማካሪ ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሆኖ ብሎንና ሙጫን የመሳሰሉ ምርቶችን አስጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግን ሱዋሜ ማጋዚን በሚባለው ሰፊ የጋራዥ ሠፈር መካከል የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ባለሙያዎቹ በዚያ ቶርኖና ሌሎች ማሽኖችን አዩ፣ ሞከሩ፣ ሠለጠኑ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጋራዥ ያለው ሰው ሥራውን ዘግቶ ግቢ ድረስ አይመጣም። ኮሌጁ ከገበያው መሐል አንድ ክፍልና አንድ መለኪያ ጠረጴዛ ቢኖረው ከአሥር የመግባቢያ ሰነድ ይበልጣል።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት አራት ነገር ነው። አንደኛ ችግሩ፤ "ቴክኖሎጂ ማሻሻል" ተብሎ ሳይሆን "ከመቶ ኪሎ እንጨት የሚገኘውን ከሰል ከ15 ወደ 22 ማድረስ" ተብሎ። ሁለተኛ ክፍያው፤ ሲጀመር፣ ናሙናው ሲታይና ሲረከብ ተከፋፍሎ። ሦስተኛ ቀኑ፤ የማክሰያው በጋ ካለፈ ውጤቱ ለዓመቱ ዋጋ የለውምና። አራተኛ ባለቤትነቱ። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በውል ወይም በቅጥር ሥራ የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው መሆኑን ይደነግጋል። ዝም ብለው የተፈራረሙ ወገኖች ነገ ውጤቱ ገበያ ሲያገኝ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ የመጠቀም መብቱን ያስከብር፤ መምህሩም የማስተማርና የማሳተም መብቱን ይያዝ።

ከዩኒቨርሲቲው በኩልም የሚስተካከል አለ። መምህሩ የሚያድገው በታተመ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የገበሬን ክምር ለመለካት ጊዜውን አያጠፋም፤ ለማኅበር ተሠርቶ የተከፈለበት ሥራ ለዕድገት መቆጠር አለበት። ገንዘቡ ገብቶ ለወጪ እስኪፈቀድ ወራት ከፈጀ ነጋዴ ሁለተኛ አይመጣም። የተማሪ የተግባር ልምምድም ፊርማ ለመሰብሰብ ከሚሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከድርጅቱ አንድ የተለካ ችግር ይዞ ቢመለስ ኮሌጁ በየዓመቱ የሚሸጠው አገልግሎት ዝርዝር ያገኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ራስ ገዝነት እየተገፉ ባሉበት ጊዜ የራስ ገቢ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት ይህን ሁሉ ያከብደዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ከሰሉም ተማሪውም ይቀመጣል። ይህ ግን ሩቅ የማይሄድ፣ ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ውል እንዲመረጥ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። አንድ ማኅበር፣ ሁለት መምህራን፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ ሦስት የሙከራ ክምርና አንድ ሚዛን ይበቃሉ። ከበጋው በኋላ ማኅበሩ በቁጥር የተጻፈ መልስ ይዞ ይወጣል፤ ትርፍ ካለው ሁለተኛውን ውል ማንም ሳይቀሰቅሰው ይፈርማል፤ ከሌለውም ለየትኛው ችግር መክፈል እንደሌለበት በርካሽ አውቋል።