የፎቶው ጀርባ

አልበም ማየት የሚያውቅ እንግዳ ፎቶውን አይቶ ብቻ አያልፍም። ከፕላስቲኩ አውጥቶ ይገለብጠዋል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማስታወሻ» ተብሎ፣ ስምና ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ አንዳንዴም የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለበት። ይህ ከሌለ፣ እናት መጥታ እስክትናገር ድረስ በፎቶው ላይ ያለው ሰው «አንድ ሰውዬ» ሆኖ ይቀራል።

የሙዚየሞችም ችግር ይኸው ነው። ልዩነቱ የእነሱ አልበም በሺህ የሚቆጠር ፎቶ መያዙና የምትጠየቅ እናት አለመኖሯ ነው። ፎቶዎቻቸውን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት ለማሳየት ብቻ ይመስለናል፤ እኔ ግን ዋናው ጥቅም «ይህ ማነው?» ብሎ መጠየቁ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የአውስትራሊያው ፓወርሃውስ ሙዚየም ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲድኒ ውስጥ የሚገኘው ይህ ሙዚየም የታይሬል ስብስብ የሚባሉ ከ7,000 በላይ የመስታወት ኔጌቲቮች አሉት። አብዛኞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በቻርልስ ኬሪና በሄንሪ ኪንግ ስቱዲዮዎች የተነሱ ናቸው። ጄምስ ታይሬል ግን ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ኔጌቲቮቹን በኋላ የገዛ መጽሐፍ ነጋዴ ነው። አንሺዎቹ ለፍተው ስሙን ገዢው ወሰደው።

የመስታወት ኔጌቲቭ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ የጣት አሻራም ያበላሸዋል። ስለዚህ ጎብኚ እንዲነካካው አይሰጥም። ባለሙያው ጓንት አድርጎ ከሥሩ ብርሃን በሚወጣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠውና በካሜራ ወይም በስካነር ያነሳዋል። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የቆየውን ምስል ኮምፒውተር ይገለብጠዋል። ባለሙያው ምስሉ ያረፈበትን የመስታወቱን ገጽ ካልለየ ግን ከተማው ሁሉ ግራና ቀኙ ይቀያየራል። እንዲህ ሲሆን የሚያሳብቀው የሱቅ ታፔላ ነው፤ ፊደሉ በግልባጭ ይነበባል። ትልቁ ፋይል በማከማቻ ይቀመጣል፣ ቀለል ያለው ቅጂ ለሕዝብ ይወጣል። በወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ ሲሆን ጀርባውንም ማንሳት ይገባል፤ ፊቱን ብቻ አንስቶ የሚተው ተቋም ስሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ አስቀረው ማለት ነው።

ፓወርሃውስ በሚያዝያ 2008 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 200 ፎቶዎች ፍሊከር በተባለው ድረ ገጽ ላይ፣ «ዘ ኮመንስ» በሚባለው ክፍል አወጣ። ክፍሉን በዚያው ዓመት ጥር ላይ የከፈተው፣ ከ3,000 በላይ ፎቶዎችን ይዞ፣ ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በዚያ የሚወጣ ፎቶ ሁሉ «የሚታወቅ የቅጂ መብት ገደብ የለበትም» የሚል ቃል ይዞ ይወጣል። ቃሉ የተመረጠው በጥንቃቄ ነው፤ «ገደብ የለበትም» ብሎ አይምልም፣ «እኛ እስከምናውቀው» ይላል። ፎቶ በእጅ መኖሩ ብቻውን የቅጂ መብቱ ባለቤት አያደርግም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። ቤተ መጻሕፍቱ ካወጣቸው ፎቶዎች ግማሽ የሚሆኑት ቤይን የተባለው የኒውዮርክ የዜና ፎቶ ድርጅት ያነሳቸው ነበሩ። መግለጫቸው ኔጌቲቩ ላይ በእጅ የተጻፈ፣ አጭርና አንዳንዴም የተሳሳተ ነው። ሕዝቡ አሮጌ ጋዜጦችን እያገላበጠ ይህ ሰው እገሌ ነው፣ ይህ ሕንፃ እዚህ ነው፣ ቀኑ ይህ ነው ማለት ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ7,000 በላይ አስተያየት ተጻፈ። ሠራተኞቹ የተባለውን ሁሉ ዝም ብለው አልተቀበሉም፤ እያጣሩ ከ500 በላይ የካታሎግ መዝገቦችን አረሙ፤ መረጃው ከየት እንደመጣም መዝገቡ ላይ አሰፈሩ። ሲድኒ ላይ ደግሞ ሰዎች የድሮዎቹን ፎቶዎች በካርታ ላይ በየቦታቸው ሰኩ።

ሁሉም ፎቶ ግን አደባባይ አይወጣም። ኬሪ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦችም አንስቷል። ከእነዚህ ማኅበረሰቦች በብዙዎቹ ዘንድ የሞተን ሰው ምስል ማሳየትና ስሙን መጥራት ሐዘን መቀስቀስ ነው። በዚህ ምክንያት የአውስትራሊያ ሙዚየሞች ማስጠንቀቂያ ያስቀድማሉ፤ አንዳንዱንም ከማውጣታቸው በፊት ማኅበረሰቡን ያማክራሉ። ለእኔ ይህ ትክክል ነው። ፎቶ ስለተነሳ ብቻ «የሁሉም ነው» ማለት የሟቹን ቤተሰብ እንደሌለ መቁጠር ይሆናል።

እኛም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክምችት ውስጥ ድርሻ አለን። በ1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጅቡቲ በኩል ወጥተው ኢየሩሳሌም ሲደርሱ፣ በዚያ ከተማ የነበሩት «አሜሪካን ኮሎኒ» የተባለው ማኅበር ፎቶ አንሺዎች አንስተዋቸዋል። እነዚህ ፎቶዎች የማትሰን ስብስብ በሚባለው ውስጥ ሆነው በ1966 እ.ኤ.አ. ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ፤ ዛሬ ማንም ሰው ከስልኩ ያወርዳቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። አጠገባቸው የቆሙትን ለመለየት ግን የእኛ አዛውንቶች ዓይን ያስፈልጋል። ለመፈለግ የሚነሳ ሰው «ኢትዮጵያ» በሚለው ብቻ አይወሰን፤ መግለጫው ያኔ እንደተጻፈ ስለቀረ ብዙዎቹ የሚገኙት «አቢሲኒያ» በሚለው ነው።