በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የዓለም አቀፍ ንግድ ሁለተኛ ዲግሪ፦ ዕውቀቱ በየትኛው ቋንቋ ይፈተናል?



ተመራቂዎቻችን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለዓለም አቀፍ ንግድ ሁለተኛ ዲግሪ ወደ አውሮፓ ብሄድ ይበጀኛልን?» የሚል። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከክፍያና ከቪዛ አንጻር ነው። እኔ ዛሬ የማተኩረው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ በተማሪው ዕውቀት ላይ ምን ያስከትላል?

አስቀድመን የእነዚህን መርሐ ግብሮች አመጣጥ እንመልከት። የአውሮፓ የትምህርት ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በ1999 በቦሎኛ ከተማ በፈረሙት መግለጫ የዲግሪ ደረጃዎቻቸውን ለማቀራረብ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ የሀገሬው ቋንቋ ባልሆነባቸው በኔዘርላንድ፣ በጀርመንና በስካንዲኔቪያ ሳይቀር በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቶች በረከቱ። ነጻ ትምህርት ግን በየተራ ቀረ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ማስከፈል ጀመሩ። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ስለዚህ ለብዙዎቻችሁ ጉዳዩ ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያወጣበት ውሳኔ ነው።

የሁለት ዓመት ዲግሪ 120 የአውሮፓ ክሬዲት ይይዛል። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ስለሚገመት፣ ድምሩ ከ3,000 እስከ 3,600 ሰዓት ይሆናል። የዚህ ሰዓት ትልቁ ድርሻ የሚያልፈው መምህር በማዳመጥ ሳይሆን በንባብ፣ በቡድን ሥራና በመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የእኛ ተማሪ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማረ ቋንቋው አያስቸግረኝም ይላል። ሆኖም ማስታወሻ አጥንቶ ፈተና ማለፍና በማያውቋቸው ሰዎች መካከል አንድን የንግድ ጉዳይ በእንግሊዝኛ መርምሮ አቋም ይዞ መከራከር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው።

የማስተማሪያ ቋንቋ ምርጫ ለአውሮፓውያንም ቀላል አልሆነም። የሚላኖ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቶቹን በሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ለመስጠት ሲወስን፣ የገዛ መምህራኑ ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ እስከ ጣልያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 የውጭ ቋንቋ መጠቀም እንደሚቻል፣ ጣልያንኛን ከማስተማሪያነት ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ግን እንደማይቻል ወሰነ። ሳይንስ በአንድ ሀገር ቋንቋ መነገሩን ካቆመ ሀገሬው ከዕውቀቱ ይርቃል የሚለው ሥጋት ለእኛም የቀረበ ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በትምህርቱ ውስጥ ኢንኮተርምስ የሚባሉት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የማስረከቢያ ደንቦች ይገኛሉ፤ በ2020ው እትም ቁጥራቸው 11 ነው። ከእነርሱ አንዱ ኤፍ.ኦ.ቢ. ሲሆን፣ ሻጩ ዕቃውን በተጠቀሰው ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ኃላፊነቱ የእርሱ ነው ይላል። ይህን ትርጉም በእንግሊዝኛ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን ቡናውን «ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ» ብሎ የሸጠ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ ባለው መንገድ ላይ መኪናው ቢገለበጥ ኪሳራው የማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ኪሳራው የሻጩ መሆኑን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው ያስፈልገዋል። «ኤፍ.ኦ.ቢ. አዲስ አበባ» የሚለው ውል ለምን ስሕተት እንደሆነም እንዲሁ፤ ደንቡ ለባሕርና ለውኃ መንገድ ማጓጓዣ ብቻ የተደነገገ ነውና። ዕውቀቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የራስን ጉዳይ ይዞ መቅረብም ሌላው ፈተና ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ተቃውሞና ክርክር ከተካሄደ በኋላም በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። ከጂኦግራፊያዊ አመላካች ይልቅ የንግድ ምልክትን መምረጧ ትክክል ነበርን? ገበሬው ከአነስተኛ ማሳ ቡና በሚያመርትበት፣ የየአካባቢው ምርት በብዙ ነጋዴዎች እጅ በሚያልፍበት ሀገር የትኛው ሥርዓት ለቁጥጥር ይቀላል? በዚህ ላይ ከመማሪያ መጽሐፉ የበለጠ መናገር የሚችለው የቡናውን መንገድ የሚያውቀው ተማሪ ነው። ቋንቋው የተውሶ ቢሆንም ማስረጃው የራሱ ነው።

እንግዲህ ለመሄድ ለምታስቡ ሦስት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝርና የምዘናውን ዓይነት አንብቡ፤ የዲግሪው ስም ብቻውን ስለ ይዘቱ ብዙ አይናገርም። ሁለተኛ፣ የክፍሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም የሥራ ገበያው ቋንቋ ጀርመንኛ ወይም ደችኛ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ የሀገሩን ቋንቋ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀምር። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ከተማራችሁት አንድ ጽንሰ ሐሳብ መርጣችሁ፣ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዱ አድርጋችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ብዕራችሁ የሚቆምበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

ይህ ምክር እኛንም መምህራኑን ይመለከታል። ወጪ የተደረገበት ዕውቀት ከባንክ ሠራተኛው፣ ከአስመጪውና ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚደርሰው በሚሰሙት ቋንቋ የሚያስረዳቸው ሲገኝ ነውና፣ ተማሪዎቻችንን በዚህ ረገድ ማሠልጠን የእኛ ኃላፊነት ነው።