የልጅ ልደት ያለ ብድር፦ በሰፈር ዕቃ የሚደምቅ ድግስ

በአገራችን ለሕፃን የሚደገሰው ዋናው ድግስ ክርስትና ነበር፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን የሚደረገው አቂቃ አለ። በየዓመቱ ኬክ መቁረስና ሻማ ማጥፋት ከከተማ ኑሮ ጋር የመጣ ልማድ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ አልፎ እንደ ወልዲያ፣ መርሳና ሐራ ወዳሉ ከተሞችም ዘልቋል።

ልማዱን መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ጥያቄው ገንዘቡ ከየት ይወጣል የሚለው ነው። ደመወዝተኛ የልጁን ልደት ከደመወዙ ያወጣል። ነጋዴ ግን የሚያወጣው ከሱቁ መሳቢያ ነው፤ ከመሳቢያ የወጣው ብር ትርፍ ይሁን መነሻ ካፒታል በዕለቱ የሚለየው የለም። በተለይም ወልዲያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት በቆዩበት ጊዜ ሱቁ ተዘርፎበት ከባዶ መደርደሪያ ለጀመረ ሰው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቀው ብር የሚቀጥለው ሳምንት ዕቃ መግዣ ነው።

ወጪው ለምን ይከብዳል?

አንደኛው ምክንያት የዕቃው ምንጭ ነው። ፊኛው፣ የሚያብረቀርቀው ወረቀት፣ የካርቱን ሥዕል ያለበት ባርኔጣና ሰሃን በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ዕቃው በዚህ ምንዛሪ መርካቶ ከደረሰ በኋላ ወልዲያ ለመግባት 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመንገዱም አከፋፋዩ፣ ጫኙና ቸርቻሪው የየድርሻቸውን ይይዛሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከደጋሹ ነው። ርዕስ የሌለው ልደት ማቆሚያ የለውም። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይገዛል፣ እንደገናም የጎደለ ይመስላል። አንድ ርዕስ ሲመረጥ ግን ከርዕሱ ጋር የማይሄደው ሁሉ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ስለሆነም ለልደት ርዕስ መስጠት፣ ርዕሱ በሰፈሩ ካለ ዕቃ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ፣ ቅንጦት ሳይሆን የቁጠባ ዘዴ ነው። የሚከተሉት ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው።

የባቡር ልደት

የሐራ ስም ከባቡር ጋር የተያያዘ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር በ2004 ዓ.ም. ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ በውል የተሰጠ ሲሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ ከፕሮጀክቱ ንብረት ብዙ ተዘርፏል። ለልጆች ጨዋታ ግን ባቡሩን ለመሥራት የሚያስፈልገው ባዶ ካርቶን ብቻ ነው። የዘይት፣ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ከጅምላ ሱቅ በነፃ ወይም በጥቂት ብር ይገኛል። ክዳኑንና ታችኛውን ክፍል ቆርጦ፣ በገመድ ከትከሻ አንጠልጥሎ፣ ጎማውን በከሰል መሳል ነው። ግቢው ውስጥ አዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሐራ የሚባሉ ሦስት ጣቢያዎች ይኖራሉ። በየጣቢያው አንድ ጨዋታና አንድ የሚቀመስ ነገር ይዘጋጃል። ከአሮጌ ደብተር የተቆረጠው ትኬት በየጣቢያው ይበሳል።

የገበያ ቀን

ይህ ለነጋዴ ቤት የተመቸ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በወረቀት የተሠራ እኩል የጨዋታ ገንዘብ ይታደላል። በአንድ በኩል ፈንዲሻ፣ በሌላ በኩል ቆሎ፣ በሦስተኛው ፍራፍሬ ይደረደራል። ሻጮቹም ገዢዎቹም ልጆቹ ናቸው። ጨዋታው ሁለት ጥቅም አለው፦ ልጆች መቁጠርና መከራከር ይማራሉ፤ ምግቡም ተመጥኖ ስለሚወጣ ብክነት ይቀንሳል።

ተረትና የእጅ አሻንጉሊት

በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን የልጆችን ቀልብ የያዙት በተረት ነበር። ያለ ብዙ ጌጥ ልጅን ማስደሰት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የሰፈሩን አያት ወይም ተረት አዋቂ ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዝግጅትም በእጅ በምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ታዋቂ ሆኗል። ካልሲ፣ ቁልፍና ክር ይዞ ልጆቹ የየራሳቸውን አሻንጉሊት እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። የሠሩትንም ይዘው ስለሚሄዱ ሌላ ስጦታ መግዛት አያስፈልግም።

ወቅቱም ርዕስ ሊሆን ይችላል። በመስከረም ለተወለደ ልጅ አደይ አበባ ከሜዳ ይለቀማል። ጥንቅሽ በሚደርስበት ሰሞን ደግሞ ከረሜላ መግዛት ትርፍ ነው።

ምግቡ

በወሎ አንድ ግቢ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለሚጠራ፣ የሥጋ ነገር ሁለት ድግስ ያስደግሳል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም ጊዜ፣ ልጆቹ ባይጾሙ እንኳ ይዘዋቸው የሚመጡት እናቶች ይጾማሉ። ስለዚህ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማዕድ ሁሉንም እንግዳ በአንድ ገበታ ያስቀምጣል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

ድፎ ዳቦ በትልቁ ይጋገር፤ ሻማው እዚያው ላይ ይሰካ። ልጁ የግድ ኬክ ካለ፣ ለሻማው ብቻ የምትሆን ትንሽ ኬክ ትበቃለች። ለስላሳ በሳጥን ከመግዛት ይልቅ በመርሳና በግራና አካባቢ ከሚመረተው ፍራፍሬ በወቅቱ የረከሰውን ጨምቆ ማቅረብ ይሻላል። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ፈንዲሻና ቆሎ ሊያንቋቸው ስለሚችሉ፣ ለእነርሱ ለስላሳ ዳቦና ሙዝ ይቅረብላቸው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ወዲያው ይለቀም።

ሒሳቡ

የልደት ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ ነው፤ ጌጡና ትንሿ ኬክ ከዚህ ይመደባሉ። ሌላው በእያንዳንዱ እንግዳ ቁጥር የሚጨምር ነው። ለምሳሌ ለአንድ ልጅ 100 ብር ይወጣል ብንል፣ 20 ልጅ 2,000 ብር፣ 35 ልጅ ደግሞ 3,500 ብር ይፈጃል። ብዙ ሰው ጌጡ ላይ እየቆጠበ በእንግዳው ቁጥር ይከስራል። የጎረቤት ልጅ አይጠራ ማለት በእኛ ባህል ነውር ስለሆነ፣ ዳቦውን ለሰፈሩ ሁሉ ማዳረስ፣ ጨዋታውን ግን ለልጁ የቅርብ ጓደኞች መወሰን ያዋጣል። ሰዓቱም ከምሳ በኋላ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ቢሆን ምሳም እራትም የሚጠብቅ አይኖርም።

ወንበርና ሰሃን ከመግዛት በፊት በአካባቢው ቅሬ የሚባለውን እድር መጠየቅ ይገባል። በአንድ ወር የተወለዱ የሦስት ወይም የአራት ቤት ልጆች ካሉም ልደቱን በአንድ ቀን አድርጎ ወጪውን መካፈል ይቻላል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ቀኑን የሚያገኘው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እንደመሆኑ፣ ቀን ማዛወር እንግዳ ነገር አይደለም።

ለነጋዴውስ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ለሸማቹ ቁጠባ ሲሆን ለነጋዴው ደግሞ የሥራ በር ነው። አንድ ጊዜ ነፍቶ የሚጣል ፊኛ የሚሸጥ ሰው ከምንዛሪው ጋር ዋጋ ሲጨምር ደንበኛ ያጣል። በጨርቅ የተሰፋ ጌጥ፣ የባቡር ካርቶን፣ የገበያ ጨዋታ መደብና የአሻንጉሊት መጋረጃ በአንድ ላይ አድርጎ የሚያከራይ ግን አንዴ ያወጣውን ደጋግሞ ያገኛል። ሥራው የሚጠይቀው ካፒታል የልብስ ስፌት መኪናና አናጢ ካለበት ቤት አይርቅም። ለጀማሪ የሚመከረው በአንድ ርዕስ መጀመር፣ መያዣ መቀበል፣ የኪራዩን ቀን በመዝገብ መያዝና ዕቃው በስንት ኪራይ ዋጋውን እንደሚመልስ አስቀድሞ ማስላት ነው። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁም ሲታሰብ፣ ለልጆች ወደ ቤት የሚሰጠውን የሚይዝ የወረቀት ከረጢት መሥራት ሌላው አነስተኛ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ወላጅም ቢሆን የልደቱን በጀት ከአንድ ወር በፊት ከሱቁ ሒሳብ ለይቶ በሌላ ቦታ ያስቀምጥ። የተለየው ብር ሲያልቅ ግዢው ይቁም።