«ኬሞው ለሳምንት ተላልፏል»

ባልና ሚስት ገና ሳይነጋ ተነሥተው ሆስፒታል ደርሰዋል። ሦስተኛው ዙር ኬሞ ነው፤ ከስድስቱ ግማሹ ሊያልቅ ነው ብለው ቀን ሲቆጥሩ ከርመዋል። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን ሐኪሙ «ነጭ የደም ሴል ወርዷል፤ ኬሞው ለሳምንት ተላልፏል» ይላል። ወደ ቤት ሲመለሱ ባል ከ«አይዞሽ» ሌላ ቃል ያጣል። ሁለቱም በልባቸው የሚያብሰለስሉት አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ይሆን?

አይደለም። ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ መቅኔ እንጂ ስለ ዕጢው አይደለም። ኬሞ በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ያጠቃል። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት መቅኔም እንደ ካንሰሩ ፈጥነው ስለሚራቡ አብረው ይመታሉ። በመቅኔ ከሚመረቱት መካከል ተህዋስያንን ቀድሞ የሚገጥመው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ሲኖር ኒውትሮፊል ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ምርቱ ከተስተጓጎለ ቶሎ ይጎድላል። በብዙዎቹ የኬሞ ዓይነቶች ቁጥሩ በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ መልሶ ያንሰራራል። ብዙ ሕክምናዎች በየ21 ቀኑ የሚሰጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። መቅኔው ካላገገመ ሐኪሙ ጥቂት ቀን ይጨምርለታል።

የትዳር ጓደኛ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሲወርድ፣ በአንጀት ውስጥ በሰላም ይኖር የነበረ ባክቴሪያ እንኳ በተጎዳው ሽፋን ሾልኮ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። መግል በአብዛኛው የኒውትሮፊል ክምችት ስለሆነ፣ እነርሱ ሲጠፉ ቁስል ላይመግል፣ ጉሮሮም እምብዛም ላያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቷ አንዴ 38.3 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል «ኬሞ ላይ ናት» ይሁን፤ የሕክምና መመሪያዎች አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ያዝዛሉና። ሐኪም ሳይጠየቅ ፓራሲታሞል መስጠት ግን ብቸኛዋን ምልክት መደበቅ ነው። በብብት የተለካ ሙቀት በአፍ ከተለካው ዝቅ ብሎ እንደሚታይም አይዘንጋ።

በእኛ ቤት ደግሞ ከባዱ ሥራ ጠያቂን መመለስ ነው። ሰው ታሞ ቤቱ ካልሞላ ቅር ይለናል። በእነዚያ ቀናት ግን ጉንፋን የያዘውን ዘመድ በር ላይ አመስግኖ መሸኘት የባል ድርሻ ነው፤ እሷ «አትምጡ» ለማለት ይሉኝታ ይይዛታል። ክትፎው ይብሰል፣ ወተቱ ይፈላ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1991 ፈቃድ ያገኘው ፊልግራስቲም የተባለው መርፌ ደግሞ መቅኔው ኒውትሮፊል እንዲያመርት ያነቃቃል። ከቆዳ ሥር የሚወጋ ስለሆነ ባልም ሠልጥኖ ቤት ሊወጋት ይችላል። ከመርፌው በኋላ «አጥንቴን ቆረጠመኝ» ብትል አይደንግጥ፤ የታወቀ የመርፌው ጠባይ ነው፤ ለሐኪሙ ይንገር።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ፣ 734,889 የካንሰር ሕሙማንን የቃኘ ጥናት ግን ባለትዳሮች በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸው ካላገቡት በ20 በመቶ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ምክንያቱ ትዳሩ ራሱ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ባለትዳሮቹ ፈውስን ያለመ ሕክምና የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነበር።

እንቅፋቱ ሌላ ዓይነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ምርመራው ዕጢው ማደጉን ካሳየ መድኃኒቱ ይቀየራል፤ ምክሩም ሐዘኑም ሌላ ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው። እሷ ደንግጣ ዝም ባለችበት ሰዓት ባል ደብተሩን አውጥቶ ይጠይቅ፦ «ዶክተር፣ ያዘገየን ደሟ ነው ወይስ ካንሰሩ?» መልሱንም እዚያው ይጻፈው፤ መንገድ ላይ እሷ ደግማ ትጠይቀዋለች።