ዱንጉዛ ለሐይቅ ዳር ሠርግ

ሠርግ ከአዳራሽ ወጥቶ ውሃ ዳር መደገስ ከጀመረ ሰንብቷል። ባሕሩ ቢርቀንም ሐይቅ አልቸገረንም፤ ቢሾፍቱም ሐዋሳም አርባ ምንጭም ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ሙሽሮች ከውሃው ፊት ለፊት ቆመው ፎቶ ሲነሱ ማየት የተለመደ ነው። ወላይታም የራሱ ሐይቅ አለው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከእሷ ተነስቶ በአርባ ምንጭ መንገድ ሁምቦን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ግን ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ማንጠልጠሉ አይቀርም። የደጋው እንሰት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ ከዚያ በስተግራ አባያ ብቅ ይላል። ስፋቱ ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የብላቴ ወንዝና ሌሎቹ ወንዞች ይዘውት የሚገቡት አፈር ቶሎ ስለማይዘቅጥ ቀለሙ ሰማያዊ ሳይሆን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል።

የታናሽ እህቴ ሠርግ ሐይቅ ዳር ነበር። ዲኮሩ በወቅቱ የሚያምር የተባለው ሁሉ ነበረው፤ ነጭ ሳቲን፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በቅስት የተሰካካ ፊኛ። ሰባት ሰዓት ላይ ፊኛዎቹ በፀሐዩ አንድ በአንድ ይፈነዱ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደግሞ ከውሃው ነፋስ ተነሳና ሳቲኑ እየተገለበጠ ብርጭቆ ይዞ ወረደ። ሚዜዎቹ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ጨርቁ ላይ የሚጫን ድንጋይ ለመልቀም ወደ ዳርቻው ሮጡ። ንቅንቅ ያላለው አክስታችን ከሶዶ አምጥታ የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ያነጠፈችው ዱንጉዛ ብቻ ነበር። ነፋሱ ዘርፉን ያወዛውዘዋል እንጂ ጨርቁን አያነሳውም። ስለ ዱንጉዛ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ዱንጉዛ በእጅ የሚሸመን ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን ይወርዱበታል፤ በመስመሮቹ መካከል እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ሹል ቅርጾች ይገቡበታል። ወላይታ ውስጥ ሱሪም፣ ጋቢ መሳይ መደረቢያም፣ ኮፍያም፣ የአንገት ልብስም ይሆናል። ጎረቤቶቹ ጋሞዎችና ጎፋዎችም ይሸምኑታል፣ ይለብሱታል፤ ስለዚህ የማን ነው ብሎ መከራከሩን ትቼዋለሁ። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር ሶዶ ላይ የቆመ ሰው ግን ይህ ጨርቅ ለወላይታ ሕዝብ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ መንገዱ በሦስቱ ቀለማት ይሞላል። በቡላቻ፣ ማለትም በሠርግ፣ ሙሽሮችና ሚዜዎች ለብሰውት ይታያሉ። ጠረጴዛና መድረክ ላይ መውጣቱ ግን ገና አዲስ ነገር ነው።

ጥጡና ሐይቁ የሩቅ ዘመዶች አይደሉም። የአባያ ዳርቻ ቆላ ጥጥ ይስማማዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት፣ ሰዉ ዋዱ የሚለው፣ መሬት የጠበባቸውን የደጋ ገበሬዎች ወደ አበላ ቆላ አውርዶ ሲያሰፍር ካስለማቸው ሰብሎች አንዱ ጥጥ ነበር። ሐይቁ ዳር ጥጥ ጨርቅ ማንጠፍ እንግዳ ነገር የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

ሥራው ከሸማኔው በፊት ከሴቶቹ እጅ ይጀምራል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ተነድፎ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ዛሬ ባለቀለሙ ክር አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ የሚገዛ የፋብሪካ ክር ነው። ቀጥሎ ክሩ መሬት ላይ በተተከሉ ችካሎች ዙሪያ ይደወራል። የዱንጉዛ መስመር የሚወለደው እዚህ ነው። ስንት ቀይ፣ ስንት ጥቁር፣ ስንት ቢጫ ክር ተከታትሎ እንደሚሄድ በቁጥር ይያዛል፤ አንድ ክር ከቦታው ከወጣ ስህተቱ ጨርቁ እስኪያልቅ አብሮ ይወርዳል።

ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። መርገጫዎቹ በገመድ የተንጠለጠሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ በእግር ጣቶቹ መካከል ይይዛቸዋል። አንዱን ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ወደ ላይ፣ እኩሌታው ወደ ታች ይሄድና መሐሉ እንደ አፍ ይከፈታል። ማጉ በቀሰም ተጠቅልሎ የተቀመጠበት መወርወሪያ በዚያ አፍ ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ሌላኛው እጅ ይቀበለዋል። ከዚያ ማጥበቂያው ወደ ደረት ይሳብና ማጉን ጠበቅ ያደርገዋል። ሽው፣ ዱብ፣ ሽው፣ ዱብ። ጥርሱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቆማል። እዚያ ላይ መወርወሪያ አይሠራም። ሸማኔው በጣቱ የድሩን ክር እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለቀለሙን ክር ከሥሩ ያሳልፋል፣ ያጠብቃል፣ እንደገና ይቆጥራል። የጣት ጥፍር የምታህል ጥርስ እንድትወጣ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ሶዶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ ንድፉን የሚያዩበት ወረቀት እንዳላቸው ስፈልግ ቆየሁና፣ «ጋሼ፣ ልኩን ከየት ነው የሚያዩት?» አልኳቸው።

«እጄ ይቆጥራል ልጄ፤ እኔማ ከአንተ ጋር እያወራሁ ነው» አሉኝ፤ ጣቶቻቸው ለአፍታም አላቆሙም።

የጨርቁ ስፋት ሁለቱ እጆች መወርወሪያውን ሊቀባበሉ የሚችሉትን ያህል ስለሆነ ከአንድ ሜትር አይዘልም። ጋቢ ጎን ለጎን ተሰፍቶ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ለሠርግ ጠረጴዛ ግን ይህ ልክ መታደል ነው። ጠባቡና ረጅሙ ጨርቅ ልብስ ሰፊ ሳይነካው በጠረጴዛው እምብርት ላይ ይጋደማል። ጠረጴዛው 2.4 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ጨርቅ በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይወርዳል። ሸማኔው ጫፉን ሳይቆርጥ የድሩን ክር እየገመደ ዘርፍ እንዲያበጅለት አስቀድሞ መንገር ይበቃል። ዱንጉዛ ደፋር ቀለም ስለሆነ ሌላ ብዙ ነገር መደርደር አያስፈልግም። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ወይም ራቁት እንጨት ይሁን፤ ዙሪያው ላይ የእንሰት ኮባ ይነጠፍ። ኮባው በቆላ ፀሐይ ቶሎ ስለሚጠወልግ እንግዳ ሊገባ ሲል ውሃ ይረጭበት። ዱንጉዛን ሙሽሮች የሚረግጡት ምንጣፍ ሲያደርጉት ግን አይቻለሁ፤ ልቤ አልወደደውም። ሰው ለክብር የሚለብሰው ጨርቅ ነውና ከእግር በላይ ይዋል።

ለእንግዳ የሚሰጠው ማስታወሻ ላይ ወላይታ ብዙ አለው። ከዱንጉዛ ትንሽ ከረጢት ይሰፋል፤ ውስጡ ከጓሮ የተለቀመ ቡና ወይም የደረቀ የዳጣ ቅመም ይገባበታል፤ አፉ በቃጫ ይታሰራል። ቃጫው እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ነው። ደረቁን ካሰሩት እጅ ይቆርጣል፣ ይሰበራል፤ ውሃ ነክሮ ጨመቅ ሲያደርጉት እንደ ሐር ይታዘዛል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ቋጠሮው አይፈታም። ቀለም አያስፈልገውም፤ የራሱ ክሬም መልክ ከቀዩ አጠገብ ያምራል።

ሒሳቡን ግን ቀድሞ መሥራት ያሻል። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ፣ ለአንድ ከረጢት 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ከተቆረጠ፣ አንድ ሜትር 12 ከረጢት ይወጣዋል። ለ300 እንግዳ 25 ሜትር ማለት ነው፤ በእጅ ለተሸመነ ጨርቅ ይህ ብዙ ነው። እኔ የምመክረው ለየሰዉ ሳይሆን ለየቤተሰቡ አንድ አንድ መስጠትን ነው። ሌላው መንገድ የዱንጉዛ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ቁርጥራጩን መግዛት ነው፤ ከሱሪና ከኮፍያ የተረፈው ለከረጢት ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ሸክላም አለ። የወላይታ ሸክላ ሠሪ ሴቶች በየገበያው ጀበናና እንስራ ይዘው ይቀመጣሉ፤ በትእዛዝ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ጀበና ይሠራሉ። ለሐይቅ ዳር ሠርግ ሁለት ጥቅም አላት፤ መጀመሪያ በየጠረጴዛው ላይ የጨርቁን ጫፍ ከነፋስ ትይዛለች፣ ማታ ደግሞ እንግዳው ይዟት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። እነዚህ እጆች በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲሰደቡ ኖረዋል። ሸማኔው ያለበሰው ሰው ሸማኔ ብሎ ይሰድበዋል፤ ቀጥቃጩ ባበጀው ማረሻ ያረሰው ሰው ቀጥቃጩን ይሸሸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ወላይታ ውስጥ ጪናሻ የተባሉት የሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ከገበሬው ጋር አይጋቡም ነበር፤ በአንድ ማዕድ መቀመጥም ነውር ነበር። ስለዚህ የሸክላ ሠሪዋ ጀበና የሠርጉን ጠረጴዛ ስታስጌጥ ሸክላ ሠሪዋም ከጠረጴዛው ትቅረብ እላለሁ። የጥሪ ወረቀቱ ለእሷም ይድረስ፣ ለሸማኔውም ይድረስ። በእህቴ ሠርግ ጊዜ ይህ አልታሰበንም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወንድሜ ሲያገባ ሁለቱንም ጠራናቸው። ሽማግሌው ሸማኔ ጨርቁን በመዳፋቸው ዳብሰው ዘርፉ የተገመደበትን ለሚስታቸው ሲያሳዩ አይቻለሁ።

ገበያ የሚወጣ ሰው ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። ዱንጉዛን የሚመስል በማሽን የታተመ ጨርቅ አሁን በየሱቁ ሞልቷል፤ ሜትሩ ርካሽ ስለሆነ ዲኮር ሠሪዎች ይወዱታል። ለመለየት ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙ ከላይ ብቻ ተለጥፎበታል። በእጅ የተሸመነው ጀርባውም ቀለም አለው፤ ጥርሶቹ ያሉበት ቦታ ላይ ክሩ ሲመላለስ ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስም ጎርበጥ ይላል። ጠርዙም እንደ መሥመር ቀጥ ያለ አይሆንም፤ የሰው ክንድ የጎተተው ነውና እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ላላ ይላል።

የእጅ ሥራ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ቀለሙ ይፈተናል። ቀዩ ክር አንዳንዴ ይለቃል። እኛ ይህን የተማርነው ጨርቅ አበላሽተን ነው፤ በእህቴ ሠርግ ብርጭቆ ውሃ ተደፍቶ ከዱንጉዛው ሥር ያለው ነጭ ጨርቅ ሮዝ ሆኖ ቀረ። ነጭ መሐረብ በውሃ አርሶ ቀዩን መስመር ጠንከር አድርጎ ማሸት ነው። መሐረቡ ከቀላ ጨርቁ ከሠርጉ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ደጋግሞ ይታጠብ፤ በጥላ ይሰጣ።

ትእዛዙን ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ መስጠት ይሻላል። ከነሐሴ ጀምሮ ሸማኔው ሁሉ የጊፋታን ልብስ ስለሚይዝ መስከረም ላይ ለሚደገስ ሠርግ ሐምሌ ላይ ካልተነገረ አይደርስም። ቀብዱ ቢያንስ የክሩን ዋጋ ይሸፍን፤ ሸማኔው ከኪሱ አውጥቶ የሰው ሠርግ እንዲሸምን መጠበቅ ግፍ ነው። ልኩን በክንድ ከመናገር ይልቅ የጠረጴዛውን ቁመት የሚያህል ገመድ ቆርጦ መውሰድ ክርክር ያስቀራል፤ ክንድ ከክንድ ይለያያልና።

ከወንድሜ ሠርግ አሥራ ሁለት የጠረጴዛ ጨርቅ ተርፎልናል። ስድስቱን ለየዘመዱ አከፋፈልን። አራቱን እናታችን ጎን ለጎን ሰፍታ የአልጋ ልብስ አደረገቻቸው፤ ገጣጥማ ስትሰፋ መስመሮቹ ልክ ለልክ እንዲመጡ ሁለት ምሽት ተቀምጣባቸዋለች። የቀሩት ሁለቱ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ አንደኛው ጫፍ ላይ የአባያ ዳር ጭቃ የነካው ምልክት አለ፤ አልወጣም።