የጦርነት ጠባሳና ሱስ፦ በጁባ የአእምሮ ሕክምና ምን ይመስላል?

ደቡብ ሱዳን በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2011 ነጻነቷን ስታውጅ የጁባ ነዋሪዎች የአሥርት ዓመታት ጦርነት ትዝታ ተሸክመው ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2013፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ጁባ ዳግም የውጊያ ዐውድማ ሆነች። ተኩሱ ሲበርድ በሰዎች አእምሮ ውስጥ የቀረው ግን አብሮ አልበረደም። ብዙዎች ይህን ለመርሳት በቅርብ የሚያገኙት ሐኪም ሳይሆን መጠጥ ነው።

በ2007 በጁባ ከ1 ሺህ 200 በላይ ጎልማሶች የተሳተፉበት ጥናት፣ 36 በመቶዎቹ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ መታወክ ምልክቶች፣ ግማሾቹ ደግሞ የድባቴ ምልክቶች እንደታዩባቸው አመልክቷል። በ2015 ይፋ በሆነና ስድስት ግዛቶችንና አቢዬን በሸፈነ ሌላ ጥናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ምልክት የታየባቸው ሰዎች 41 በመቶ ነበሩ።

ይህን ሸክም የሚያቃልል አገልግሎት ግን እጅግ ውስን ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ዘገባ በመላ አገሪቱ በሥራ ላይ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ እንደነበሩ፣ በጁባ የማስተማሪያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም 12 አልጋዎች ብቻ እንደነበሩት ገልጿል። በዚያው ዓመት በጁባ ማዕከላዊ እስር ቤት የአእምሮ ሕሙማን ተብለው የተመዘገቡ 82 ሰዎች ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወንጀል መዝገብ አልነበራቸውም። የታሰሩት ሌላ ቦታ ባለመኖሩ ነበር።

ሱስ ብቻውን ለምን አይታከምም?

በጁባ ከማሽላ የሚጠመቀው መሪሳና ኢትዮጵያውያን አረቄ ከሚሉት ጋር የስም ዝምድና ያለው ‘አረጊ’ በቀላሉ ይገኛሉ። አልኮል ሁልጊዜ በሥጋት ነቅቶ የሚጠብቅን አእምሮ ለጊዜው ያረጋጋል፤ እንቅልፍም ያመጣል። ኃይሉ ሲያልቅ ግን እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ቅዠትና ጭንቀትም በርትተው ይመለሳሉ። ሰውየውም ዳግም ወደ መጠጡ ይሄዳል።

ቀደም ሲል ብዙ ባለሙያዎች “መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ የአእምሮ ቁስሉ በኋላ ይታያል” ይሉ ነበር። ዛሬ የሚመከረው ሁለቱን ጎን ለጎን ማከም ነው፤ መጠጡን ያስያዘው ምክንያት ሳይነካ ከቀረ ሱሱ የማገርሸት ዕድሉ ሰፊ ነውና።

በድንገት ማቆም ያለው አደጋ

ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ሊጀምረው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራስን የሚያስት መንዘፍዘፍ፣ ቀጥሎም ከባድ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተሉ ይችላሉ። ሕክምና ካልተገኘ ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው “እንዲላቀቅ” ብሎ ቤት ውስጥ መቆለፍ ወይም ማሰር ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። በሐኪም ክትትል የሚሰጡት እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችና ቫይታሚን ቢ1 አደጋውን ይቀንሳሉ።

የንግግር ሕክምና እንዴት ይሠራል?

ሰውነት ከመጠጡ ከተላቀቀ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር በ1983 ያስተዋወቁት አካሄድ ሱሰኛውን ከመገሠጽ ይልቅ በጥያቄ ይመራዋል፤ ለመለወጥ የሚያበቃውን ምክንያት ራሱ እንዲናገር ያደርጋል። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው ደግሞ ወደ መጠጥ የሚገፉትን ሰዓቶች፣ ቦታዎችና ሐሳቦች ለይቶ በምን መተካት እንደሚቻል ያለማምዳል።

የጦርነት ትዝታን በተመለከተ፣ ታካሚው የሕይወት ታሪኩን ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል እየተረከ፣ አሰቃቂውን ቀን ባለፈ ዘመን ቦታው እንዲያስቀምጠው የሚረዳ ዘዴ አለ። በሰሜናዊ ኡጋንዳ ኢምቬፒ ሰፈር በ43 ሱዳናውያን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2004 ታትሟል። ከዓመት በኋላ ይህን ሕክምና ካገኙት መካከል ሕመሙ የቀጠለባቸው 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌላ ዓይነት ድጋፍ ወይም ትምህርት ብቻ ባገኙት ዘንድ 80 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ሐኪም በሌለበት ማን ያክም?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2008 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምናን ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የማጋራት መርሐ ግብር ያራምዳል። ድርጅቱ ያዘጋጀው አንድ የጭንቀት መቋቋሚያ ትምህርት በጁባ ዐረብኛ ተቀድቶ፣ በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ ለደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች በቡድን በአምስት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷል። ያስተባበሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። 694 ሴቶች በተሳተፉበትና በ2020 በታተመው ጥናት፣ ትምህርቱን የተከታተሉት ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሶ ታይቷል።

አብዝቶ ለመጠጣት ችግርም በሕንድ ጎዋ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። ሐኪም ያልሆኑ አማካሪዎች ቢበዛ አራት ጊዜ ካነጋገሯቸው አብዝተው የሚጠጡ ወንዶች መካከል 36 በመቶዎቹ በሦስት ወር ከችግሩ ወጥተዋል፤ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን 26 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ቢሰጥም ብዙዎች በመጀመሪያው ሙከራ እንደማይላቀቁ ያሳያል። ሱስ ሲያገረሽ የሕክምናው ዕቅድ እንደገና ይታያል እንጂ ታካሚው አይባረርም።

እነዚህ ዘዴዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የሠለጠነ አድማጭ፣ ታካሚው የሚናገረውን ቋንቋ፣ ክትትሉ የማይቋረጥበት ሰላምና ያልተቋረጠ የመድኃኒት አቅርቦት ነው። በጁባ ይህ ሲሟላ ወንጀል ያልሠራ ሕመምተኛ ከእስር ቤት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት መንገድ ይከፈታል።